ሃርድ ዲስክ፣ ኤስኤስዲ ወይስ ክላውድ? አብረው የማይሞቱ ሁለት ለመምረጥ

ድምፁን አንዴ የሰማ አይረሳውም። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ከዚያ ዝም። ሁለት ሰከንድ ቆይቶ እንደገና ጠቅ፣ ጠቅ።

ኤክስተርናሉ፣ ማለትም ከኮምፒዩተሩ ውጭ በገመድ የሚሰካው ሃርድ ዲስክ፣ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ነበር። ፎቶ እየገለበጥኩ ነው። ተነስቼ ልሄድ ስል ገመዱ እግሬን ያዘው፤ ዲስኩ ወለሉ ላይ ዷ አለ። ከፍታው ከወገብ አይበልጥም። አንስቼ መልሼ ሰካሁት። መብራቷ በራች። «ተመስገን፣ ምንም አልሆነም» አልኩ። ኮምፒዩተሩ ትንሽ ቆየና ዲስኩ ፎርማት ካልተደረገ መጠቀም አይቻልም የሚል መልእክት አወጣ። የስድስት ዓመት ፎቶ ያለበት ዲስክ! ሌላ ቦታ ኮፒ ነበረኝ? የግማሹ ነበረኝ። ሌላው ግማሽ በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ «ኤክስተርናል ልገዛ ነው፣ የማይበላሸው የትኛው ነው?» የሚለኝ ሰው ሲመጣ መልሴ አጭር ነው፤ የለም። ሰው ይህን መልስ አይወድም። ስለዚህ ጥያቄውን እቀይርለታለሁ። ይሄኛው ሲሞት ሁለተኛው ኮፒ የት ነው? ደግሞስ ይሄኛውን የገደለው ነገር ያኛውንም ይገድለው ይሆን? ከታች ያለውን ንጽጽር የምሠራው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ

በሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ። አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይዞራል። በፈጣኑ የዴስክቶፕ ዲስክ የሳህኑ ጠርዝ በሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። የሚያነበውና የሚጽፈው ጭንቅላት ሳህኑን ሳይነካ፣ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ላይ ይንሳፈፋል። የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚህ ርቀት በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። እንዲህ እየሠራ ዓመታት መቆየቱ ራሱ ይገርማል። እየዞረ ሳለ ከወደቀ ግን ጭንቅላቱ ሳህኑን ይፍቃል። ያ ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ ብዙውን ጊዜ ጭንቅላቱ ቦታውን ፈልጎ ሲያጣና ወደ መነሻው ሲመለስ የሚሰማ ነው።

የአምራቾች መግለጫ ላይ «በብልሽቶች መካከል ያለ አማካይ ጊዜ 1,000,000 ሰዓት» የሚል ታገኛላችሁ። ሲሰላ 114 ዓመት ነው። ዲስኩ የልጅ ልጆቻችሁን ያያል ማለት እንዳይመስላችሁ። ብዙ ሺህ ዲስኮች ባንድ ላይ ቢሠሩ በዓመት ከመቶ 0.88 ያህሉ ይሞታሉ ለማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲዎቹ ቢያንካ ሽሮደርና ጋርዝ ጊብሰን 100,000 ገደማ ዲስኮችን መርምረው ይህን ቁጥር ፈተኑት። በተግባር በየዓመቱ የሚቀየረው ከመቶ ከ2 እስከ 4 የሚሆነው ነበር፤ አንዳንድ ቦታ እስከ 13 ደርሷል። ከዚያ በኋላ የመግለጫውን ቁጥር ማየት ትቻለሁ።

ባክብሌዝ የሚባል የክላውድ ባክአፕ ድርጅት፣ የሰዎችን መጠባበቂያ ኮፒ በኢንተርኔት ተቀብሎ የሚያስቀምጥ ማለት ነው፣ ደግሞ ከ2013 ጀምሮ የራሱን ዲስኮች ሞት እየቆጠረ በይፋ ያወጣል (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ቀኖቹንም ሁሉ እ.ኤ.አ. እያላችሁ አንብቡልኝ)። በ2022 ከመቶ 1.37 ሞቱ፤ በ2023 1.70፤ በ2024 1.57። ይህ ከ200,000 በላይ ዲስኮች ላይ የተቆጠረ ነው።

በዓመት ከመቶ አንድ ተኩል ትንሽ ይመስላል። ለአምስት ዓመት አስሉት፤ ከ14 ሰው የአንዱ ዲስክ ይሞታል። ያውም የእነሱ ዲስክ በቀዘቀዘ ክፍል ውስጥ፣ ከመደርደሪያው ሳይነቃነቅ የሚኖር ነው። የእኛው ቦርሳ ውስጥ ከቁልፍና ከቻርጀር ጋር ሲጋጭ ይውላል።

አሁን ሁለት ዲስክ ይኑራችሁ። ሁለቱም በአንድ ዓመት ውስጥ፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ምክንያት የመሞታቸው ዕድል ከ10,000 ሁለት ገደማ ነው። የመጀመሪያው እንደሞተ ከተካችሁት ደግሞ ከዚያም በጣም ያንሳል። የፈለጋችሁትን ያህል ውድ ዲስክ ብትገዙ በአንዱ ብቻ እዚህ ቁጥር አትደርሱም። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም።

ግን «በራሳቸው ምክንያት» ያልኩትን ልብ በሉ። ሁለቱ ዲስኮች አንድ ቦርሳ ውስጥ ከሆኑ ሌባው በአንድ እጁ ነው የሚወስዳቸው። አንድ ማከፋፈያ ላይ ከተሰኩ በድንገት ኃይሉ የጨመረ መብራት ሁለቱንም ያቃጥላል። ያኔ ከ10,000 ሁለት የሚለው ሒሳብ አይሠራም።

ማስጠንቀቂያ ይሰጣል ወይ?

ዲስኮች ራሳቸውን የሚከታተሉበት ስማርት የሚባል ነገር አላቸው። በዊንዶውስ ላይ ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ማየት ይቻላል። ሰማያዊ ከሆነ ደህና፣ ቢጫ ከሆነ ጥርጣሬ፣ ቀይ ከሆነ ሩጡ።

ሰማያዊው ግን ብዙ አያጽናናችሁ። የጉግል ሰዎችም በዚያው በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮችን አጥንተው ነበር። ከሞቱት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዋና ከሚባሉት የስማርት ምልክቶች አንዱንም ሳያሳዩ ነው የሞቱት። በሌላ በኩል በራስ ፍተሻ ላይ የመጀመሪያውን የንባብ ስህተት ያሳየ ዲስክ በሚቀጥሉት 60 ቀናት የመሞት ዕድሉ ስህተት ካላሳየው በ39 እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ቢጫ ወይም ቀይ ካያችሁ በዚያው ቀን ገልብጣችሁ አውጡ። «እስኪ ትንሽ ልየው» የሚባል ነገር የለም።

ዲስኩ ጠቅ ጠቅ ማለት ከጀመረ ደግሞ ንቀሉት። እየደጋገሙ መሞከር ሳህኑን የበለጠ ያስፍቀዋል። ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት የሚል ምክር ከሰማችሁም አትስሙ፤ ሲወጣ እርጥበት ይዞ ይወጣል።

ሲጌት፣ ዌስተርን ዲጂታል ወይስ ቶሺባ?

ሃርድ ዲስክ የሚሠሩት እነዚህ ሦስቱ ብቻ ናቸው የቀሩት። ሌላ ስም የተለጠፈበት ኤክስተርናል ብትገዙ ከፍታችሁ ስታዩት ውስጡ ያለው ከሦስቱ የአንዱ ነው። እንደ ኳስ ቡድን ደጋፊ አላቸው። «ሲጌት አልነካም» የሚል ታገኛላችሁ፤ አጠገቡ ደግሞ ዌስተርን ዲጂታል ያቃጠለው ይቀመጣል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ እያንዳንዳቸው ያዩት ግን ሁለት ሦስት ዲስክ ነው።

ታሪኩ የሚያሳየው ልዩነቱ ከስም ይልቅ በሞዴል ላይ መሆኑን ነው። በ2000 አይቢኤም ዴስክስታር 75ጂኤክስፒ የሚባል ዲስክ አወጣ። በብዛት እየሞተ ተጠቃሚዎች ስሙን አጣመው «የሞት ኮከብ» አሉት፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ባክብሌዝ ጋ ደግሞ አንድ የሲጌት ባለ3 ቴራባይት ሞዴል እንደ ቅጠል ሲረግፍ፣ የዚያው የሲጌት ባለ4 ቴራባይት እዚያው ቤት ለዓመታት አገለገለ። አንድ ፋብሪካ፣ ሁለት ዕጣ።

እኔ ስም ላይ አልከራከርም። ሁለት ስገዛ ግን የተለያየ አምራች ወይም ቢያንስ በተለያየ ጊዜ የተመረተ እገዛለሁ። በአንድ ቀን ከአንድ ካርቶን የወጡ መንትዮች አንድ ዓይነት ጉድለት ካለባቸው ተከታትለው ነው የሚሄዱት። የዋስትናውን ዘመን ማየትም አይከፋም፤ ዋስትናው ግን ባዶ ዲስክ ነው የሚመልስላችሁ።

ሃርድ ዲስክ ወይስ ኤስኤስዲ?

ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የሌለው፣ መረጃውን በቺፕ ላይ የሚይዝ ዲስክ ነው። ላፕቶፑ ውስጥ ለሚገባው ክርክር የለም፤ ኤስኤስዲ። ይፈጥናል፣ ድምፅ የለውም፣ ቢወድቅም የሚፋቅ ሳህን የለውም። ጥያቄው ባክአፑ በምን ላይ ይቀመጥ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ የሚሞቱበት መንገድ ስለሚለያይ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ኤስኤስዲ ሲጻፍበት ያልቃል የሚለውን ሁሉም ሰምቷል። እውነት ነው፣ ግን ሒሳቡን እንሥራ። ብዙ ባለ1 ቴራባይት ኤስኤስዲዎች 600 ቴራባይት እስኪጻፍባቸው ድረስ ዋስትና አላቸው። በቀን 20 ጊጋባይት ብትጽፉ ይህን ለመጨረስ 82 ዓመት ይፈጅባችኋል። ስለዚህ ተራ ተጠቃሚ ኤስኤስዲውን በመጻፍ ብዛት አይገድለውም። የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው፤ መቆጣጠሪያው ቺፕ ወይም ውስጡ ያለው ሶፍትዌር ይበላሻል። ያኔ ጠቅ የሚል ነገር አይሰማም። ትናንት ነበረ፤ ዛሬ ኮምፒዩተሩ ጭራሽ አያውቀውም።

ከሞተ በኋላም ነገሩ ይከብዳል። ከሃርድ ዲስክ ላይ በስህተት የተሰረዘ ፋይል፣ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት፣ በመመለሻ ፕሮግራም የመገኘት ዕድሉ ጥሩ ነው። ኤስኤስዲ ላይ ግን ትሪም የሚባል አሠራር አለ። ፋይሉን ስትሰርዙ ስርዓቱ ለዲስኩ «ይህ ቦታ አያስፈልግም» ይለዋል፤ ዲስኩም በራሱ ጊዜ ጠርጎ ያጸዳዋል። በዚህ ላይ የዛሬ ማክቡኮችና ሌሎች ቀጫጭን ላፕቶፖች ውስጥ ማከማቻው ቦርዱ ላይ ተበይዷል። በማክቡኮቹ ላይ በዚያው ላፕቶፕ ቺፕ የተመሰጠረም ነው። ቡና ቢደፋበትና ቦርዱ ቢቃጠል «ዲስኩን አውጥተን ሌላ ላይ እንሰካው» የሚለው የድሮ ዘዴ አይሠራም። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ላይ ባክአፕ ካልያዛችሁ ከድሮው ሃርድ ዲስክ ይልቅ ዛሬ ነው የተጋለጣችሁት።

ሌላው ልዩነት መሳቢያ ውስጥ ሲቀመጡ የሚታይ ነው። ኤስኤስዲ መረጃውን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ሙላት ነው፤ ያለ ኃይል ሲቀመጥ ሙላቱ ቀስ በቀስ ይፈሳል። ጄዴክ የሚባለው የደረጃ አውጪ አካል ለቤት ኤስኤስዲ ያስቀመጠው ልክ፣ ዕድሜውን በመጻፍ ጨርሶ ሲያበቃ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ1 ዓመት መያዝ እንዲችል ነው። አዲሱ ከዚያ በጣም ይረዝማል፤ ስለዚህ አትደንግጡ። ያም ሆኖ አንዴ ሞልቼ ለአሥር ዓመት ልርሳው የምትሉትን ነገር በኤስኤስዲ ላይ አታስቀምጡ። ሃርድ ዲስክ በማግኔት ስለሚጽፍ እዚህ ላይ ይሻላል። እሱም ቢሆን ሳይነካ ብዙ ከቆየ ሞተሩ ወይም ጭንቅላቱ ሊያስቸግር ይችላልና በዓመት አንድ ሁለቴ ሰክታችሁ አንብቡት።

በአጭሩ እኔ እንዲህ ነው የምከፍለው። ከእኔ ጋር የሚዞር ከሆነ ኤስኤስዲ። አንድ ቦታ ተቀምጦ ብዙ ነገር የሚይዝ ከሆነ ሃርድ ዲስክ፤ በተመሳሳይ ገንዘብ ብዙ ቴራባይት የሚሰጠው አሁንም እሱ ነው።

ሃርድ ዲስክ ከመረጣችሁ ትንሹን ወይስ ትልቁን? ትንሹ፣ ባለ2.5 ኢንች፣ በአንድ ገመድ ይሠራል። ትልቁ፣ ባለ3.5 ኢንች፣ የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ ይፈልጋል። ለቤት ባክአፕ ትልቁን እወዳለሁ። አስቸጋሪ ስለሆነ ማንም ቦርሳው ውስጥ አይከተውም፤ በዚህም ዕድሜው ይረዝማል። ደግሞ ብዙ ትናንሽ ኤክስተርናሎች ላይ የዩኤስቢ መሰኪያው በቀጥታ የዲስኩ ቦርድ ላይ ነው። መሰኪያው ከተነቀለ ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ቤት ውስጥ መክተት አይቻልም። ትልቆቹ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ተራ ዲስክ ነው ያለው።

ሣጥኑ ላይ የማይጻፍ አንድ ነገርም አለ። አንዳንድ ዲስኮች መረጃውን እንደ ጣሪያ ክዳን አንዱን መስመር በሌላው ላይ እያደራረቡ ይጽፋሉ፤ ኤስኤምአር ይባላል። ብዙ ይይዛሉ፣ ብዙ ሲጻፍባቸው ግን ያዘግማሉ። በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ሬድ በሚባሉት የኔትወርክ ማከማቻ (ብዙ ኮምፒዩተሮች በኔትወርክ የሚጋሩት የዲስክ ሣጥን) ዲስኮቹ አንዳንዶቹ ላይ ይህን ሳይገልጽ መጠቀሙ ታውቆ ትልቅ ጫጫታ ተነሥቶ ነበር። በሳምንት አንዴ ለሚገለበጥ ባክአፕ ችግር የለውም። ለሬይድ፣ ማለትም ብዙ ዲስኮችን አቀናጅቶ ለማሠራት፣ ግን ሞዴሉን አጣርታችሁ ግዙ።

ፍላሽና ዲቪዲ

ፍላሽ ፋይል ለማመላለስ ነው። ውስጡ የሚገባው ቺፕ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የረከሰው ነው፤ በጂንስ ሱሪ ኪስ ውስጥም ታጥቦ ይወጣል። 2 ቴራባይት ተብሎ ተጽፎበት 32 ጊጋባይት ብቻ የሚይዝ አስመሳይም ሞልቷል። እንዲህ ያለው ፍላሽ ሲሞላ ስህተት አያሳይም፤ ዝም ብሎ በድሮው ላይ ይጽፋል። ብቸኛ ኮፒያችሁ ፍላሽ ላይ ከሆነ ኮፒ የላችሁም።

ዲቪዲ ዘመኑ አልፏል፤ 4.7 ጊጋባይት ለዛሬ ስልክ ቪዲዮ ምኑም አይደለም።

ኤክስተርናል ወይስ ክላውድ?

ክላውድ የሰው ቤት ያለ ዲስክ ነው። ይህን ማለት እወዳለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ደመና ሲባል የማይሞት ነገር ይመስለዋል። መጋቢት 10 ቀን 2021 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ ያለው የኦቪኤች የዳታ ማዕከል ሕንፃ ተቃጠለ። ሰርቨራቸውም ባክአፓቸውም እዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ሁለቱንም ባንድ ሌሊት አጡ።

ያም ሆኖ ክላውድ ኤክስተርናል የማይችለውን ይችላል። ቤታችሁ ቢዘረፍ ወይም ጎርፍ ቢገባ ፋይሉ ሌላ ከተማ ነው። በሁለቱ ጥያቄዎቼ ስመዝነው ለኤክስተርናል ከዚህ የተሻለ ጓደኛ የለም፤ አንዱን የሚገድለው ሌላውን አይነካውም።

የሚያስቸግረው መጠኑ ነው። ነፃው ለጉግል 15 ጊጋባይት፣ ለአይክላውድና ለዋንድራይቭ 5፣ ለድሮፕቦክስ 2 ነው። ለሰነድ ይበቃል፤ ለፎቶ አይበቃም። ከፍላችሁ ብታሰፉትም ኢንተርኔቱ አለ። 500 ጊጋባይት ፎቶ አላችሁ እንበል፤ የመጫኛ ፍጥነታችሁ 10 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። ሜጋቢት ከሜጋባይት በስምንት እጥፍ እንደሚያንስ አትርሱ። ሒሳቡ 400,000 ሰከንድ ይመጣል። አራት ቀን ከ15 ሰዓት ሳይቋረጥ ማለት ነው። በተግባር ሁለት ሳምንት ያዙለት። ዲስኩ የሞተ ዕለት መልሶ ማውረድም አለ። ኤክስተርናሉ ይህንኑ በአንድ ሁለት ሰዓት ይጨርሰዋል።

ስለዚህ ሁሉንም ወደ ክላውድ ከመላክ የማይተካውን ብቻ መርጣችሁ ላኩ። የጥናት ጽሑፍ፣ የሥራ ሰነድ፣ የልጅ ፎቶ። ያወረዳችሁት ፊልም ክላውድ ላይ ምን ይሠራል?

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር። ጉግል ድራይቭ፣ ዋንድራይቭና ድሮፕቦክስ ሥራቸው ማመሳሰል ነው። ላፕቶፑ ላይ የሆነው ሁሉ እዚያም ይሆናል። ፋይሉን ላፕቶፑ ላይ ከሰረዛችሁት እዚያም ይሰረዛል። ጉግል ድራይቭ የተሰረዘውን ቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ 30 ቀን ያቆየዋል። ስህተቱን በ31ኛው ቀን ካወቃችሁ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ለባክአፕ የተሠሩት አገልግሎቶች ግን የቆዩ ቅጂዎችን ይይዛሉ፤ የባለፈውን ወር ፋይል እንደነበረ ማውጣት ትችላላችሁ። ስትመርጡ «እስከ ስንት ቀን ወደ ኋላ ይመልሰኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከጊጋባይቱ ይልቅ ይሄ ያሳስበኛል።

ሬይድ ባክአፕ ነው ወይ?

አይደለም። ሬይድ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ዲስኮችን አቀናጅቶ አንዱ ቢሞት ሥራው እንዳይቆም ያደርጋል። ለቢሮ ጥሩ ነው። ነገር ግን አንዱ ላይ ፋይል ስትሰርዙ በዚያው ቅጽበት ከሌላውም ይጠፋል። ቫይረስ ሲገባም ሁለቱም ላይ ነው። ሣጥኑ ከተሰረቀ ሁለቱም ሄዱ። ሬይድ ገዝቶ ባክአፕ አለኝ የሚል መሥሪያ ቤት በዓይኔ አይቻለሁ። የሒሳብ ክፍሉ ፎልደር በስህተት ተሰርዞ ሁለቱ ዲስኮች እኩል ባዶ ሆነው ተገኙ።

ተሰክቶ የሚኖር ወይስ የሚነቀል?

ተሰክቶ የሚኖር ዲስክ አይረሳም። ዊንዶውስ ላይ ፋይል ሂስትሪን፣ ማክ ላይ ታይም ማሺንን አብርታችሁ መተው ነው። ታይም ማሺን ያለፈውን 24 ሰዓት በየሰዓቱ፣ ያለፈውን ወር በየቀኑ፣ ከዚያ በፊት ያለውን በየሳምንቱ ይይዛል። ዲስኩ ሲሞላ የቆየውን ራሱ ይሰርዛል። የሰነፍ ወዳጅ ነው፤ እኔን ጨምሮ።

ግን የተሰካ ዲስክ ለቫይረስም የተሰካ ነው። በግንቦት 2017 ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ይዞ ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ። እንዲህ ያለ ቫይረስ ኤክስተርናሉንም እንደ አንድ ተጨማሪ ፎልደር ነው የሚያየው፤ አብሮ ይቆልፈዋል። ያን ጊዜ ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ያለው ያድናችኋል። የሚነቀለው ችግሩ እኛ ነን። «ዛሬ ማታ እሰካዋለሁ» እንደተባለ ሦስት ወር ያልፋል፤ ከዚያ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ፒተር ክሮግ የሚባል ፎቶ አንሺ ያስፋፋው 3-2-1 የሚባል ደንብ አለ። ሦስት ኮፒ፣ ሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ከስንፍናዬ ጋር ሳስታርቀው እንዲህ ወጣ። ላፕቶፑ አንድ፣ ተሰክቶ የሚኖረው ሃርድ ዲስክ ሁለት፣ የተመረጡት ፎልደሮች ክላውድ ላይ ሦስት።

ለማን የቱ?

ተማሪ ከሆናችሁ፣ ሰነዳችሁ በሙሉ ነፃው ክላውድ ላይ ይገባል። አንድ ትንሽ ኤክስተርናል ጨምሩና በሳምንት አንድ ቀን ወስኑለት። ከዚያ በላይ ወጪ አያስፈልግም።

ፎቶና ቪዲዮ የምትሠሩ ከሆነ ነገሩ ይሰፋል። ክላውዱ ለጥሬው ፋይል አይበቃም። ሁለት ትልልቅ ሃርድ ዲስክ ግዙ፤ ከተለያየ አምራች። አንዱ ጠረጴዛችሁ ላይ ይሁን፣ ሌላው ዘመድ ወይም ጓደኛ ቤት። በወር አንዴ አቀያይሯቸው። ወደ ውጭ የሚወጣውን በቢትሎከር፣ በፋይልቮልት ወይም በቬራክሪፕት (ዲስክን በፓስዎርድ የሚያመሰጥሩ ፕሮግራሞች ናቸው) መቆለፍ አለባችሁ፤ ፓስዎርዱን ደግሞ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከዲስኩ ለይታችሁ አስቀምጡ። ፓስዎርዱ የጠፋ የተመሰጠረ ዲስክ ከሞተ ዲስክ አይለይም። ለመስክ ሥራ ኤስኤስዲ ያዙ። የካሜራውን ካርድ ግን ሁለት ቦታ ሳይገለበጥ አታጽዱ።

ትንሽ ቢሮ ከሆነ ሬይድ ያለው የኔትወርክ ማከማቻ ይግባ፣ ከሥሩ ግን የራሱ ባክአፕ ይኑረው። የሚከታተለው ሰውም ስሙ ይታወቅ። «ሁላችንም እንከታተላለን» ከተባለ ማንም አይከታተልም።

አሮጌ ፎቶዎች ብቻ ያላቸው ቤተሰቦች? አንድ ሃርድ ዲስክ እናንተ ጋ፣ አንድ እህት ወይም ወንድም ጋ። አለቀ።

መልሶ ማውጣቱን ሞክሩት

ጊትላብ የሚባለው የፕሮግራመሮች ድረ ገጽ ላይ ጥር 31 ቀን 2017 አንድ ባለሙያ በስህተት ዋናውን የዳታቤዝ ፎልደር ሰረዘ። ስህተቱን ሲያውቅ 300 ጊጋባይት ገደማ ሄዶ ነበር። አምስት ዓይነት ባክአፕ ነበራቸው ይባል እንጂ ሲፈተሽ የሚሠራ አልተገኘም። አንዱ ለካ ሳይታወቅ ከከሸፈ ቆይቷል፤ የማስጠንቀቂያ ኢሜይሉም አይደርስም ነበር። ያተረፋቸው ከስድስት ሰዓት በፊት አንድ ሰው ለሌላ ሥራ ብሎ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። የተመሰገኑበት ነገር ቢኖር ሁሉንም ሳይደብቁ በግልጽ መናገራቸው ነው።

እኛ ቤት ሲሆን ፈተናው ቀላል ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የተነሣ አንድ ፎቶ በሐሳባችሁ ያዙ። ላፕቶፑን ሳትነኩ፣ ከባክአፑ ላይ ብቻ ፈልጋችሁ በሌላ ኮምፒዩተር ክፈቱት። ስሙ መታየቱ አይበቃም፤ ይከፈት።

ባለፈው ሳምንት እኔም ይህንኑ ስሞክር ፎቶው ወዲያው ተከፈተ። ደስ ብሎኝ አንድ የቅርብ ጊዜ ሰነድ ፈለግሁ፤ የለም። ለካ ከአምስት ወር በፊት የፎልደሩን ስም ቀይሬዋለሁ፤ ፕሮግራሙ እስካሁን የድሮውን ስም ነው የሚፈልገው። አዲሱን አሳየሁትና አስጀመርኩት። ይህን ስጽፍ አጠገቤ እየገለበጠ ነው፤ 41 ጊጋባይት ይቀረዋል። ገመዱን ከጠረጴዛው እግር ጋር አስሬዋለሁ።